ጫልቱ ቢት የመረጠች ዕለት

እናቷ የሞቱባት ሴት አጠገቤ ቆማ በሳቅ ስትፍነከነክ አይቻለሁ። የምትስቀው በእኔ ነበር። እናቷ መሞታቸውን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። ይህን በሆዴ ይዤ አንድ ሙሉ ሺፍት እንዴት እንደዋልኩ ልንገራችሁ። ፍረዱኝ ለማለት አይደለም። ፈራጅ ሞልቷል፤ የተፈረደባት ግን እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ያኔ እዚህ አሜሪካ ፍሪድሊ የሚባል ከተማ ውስጥ ፕላስቲክ የሚቆርጥ ፋብሪካ ነበር የምሠራው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ከአዳማ መጣሁ። ኮሌጅ ጀመርኩና ተቀምጦ መስማት ስላልሆነልኝ ተውኩት። ኤርፖርት ሠራሁ፣ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ተቀጠርኩ፣ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራሁ። ከሁሉም ያስወጣኝ ወይ እግሬ ነው ወይ አፌ። እግሬ አያርፍም፣ አፌ ደግሞ ያየውን ሳይናገር አያድርም። ማሽን ላይ ስቆም ግን ሁለቱም አደብ ገዙ።

ማሽኑ ትልቅ ጠረጴዛ ነው በሉት። ዝርጉን ፕላስቲክ ከላዩ ታነጥፋላችሁ፤ ከላይ ደግሞ እየተሽከረከረ የሚቆርጥ ስለት ይወርዳል። አገር ቤት አናጢዎች ፑንታ የሚሉትን አስቡ፣ ይኼኛው ግን ከመብሳት አልፎ ወደ ጎን እየሄደ ይቆርጣል። እኛ ቢት እንለዋለን። ኮምፒዩተሩ መንገዱን ይመራዋል፤ የትኛው ቢት እንደሚገባ የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ሥራው ያለውም እዚያ ላይ ነው። እንጨት ትንሽ ስህተት ይችላል፣ ፕላስቲክ አይችልም። ቢቱ ካልሆነለት በመቆረጥ ፈንታ ይቀልጣል፤ ፍርፋሪው ከኋላ ተመልሶ ይጣበቅና የቆረጣችሁት መስመር እንደ ቁስል ይገጥማል።

ጫልቱ የነቀምት ልጅ ናት፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት የኩሽና ቁም ሣጥን የሚሠራ ቤት እንጨት ስትቆርጥ ነበር። እኛ ጋ ግን ማሸጊያ ክፍል አስገቧት። የማሸጊያ ሰው ቅዳሜና እሁድ ይሠራል፤ የማሽን ሰው ያርፋል። ጫልቱ ማሽኑን የፈለገችው ለዚያ ነበር። እናቷ የልብ ሕመም አለባቸው፤ የቪዛቸው ጉዳይ እየሄደ ነው፤ ሲመጡ ቅዳሜና እሁድ አብሬያቸው ልሁን ትላለች። ሱፐርቫይዘራችን ስቲቭም «ለተለያዩ ፕላስቲኮች ትክክለኛውን ቢት መርጠሽ ከቆረጥሽ ማሽን እሰጥሻለሁ» ብሏት፣ ያ ቀን የፈተናዋ ቀን ነበር። እንዳስለማምዳት የተመደብኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ፓርኪንግ ሎት ገብቼ ሞተሩን ሳላጠፋ ስልኬ ጮኸ። ገመቹ ነው፣ የጫልቱ ባል። ገመቹ ለእኔ ደውሎ አያውቅም።

«ቤዛ፣ ጫልቱ አጠገብሽ ናት?»

«አይ፣ ገና አልገባሁም። ምነው?»

«እናቷ አርፈዋል። ከቤት እንደወጣች ነው እህቷ የደወለችልኝ።»

«በስመ አብ! ታዲያ ና ውሰዳት እንጂ!»

«አይሆንም፣ አይሆንም። ወንድሟ ከዴንቨር እየነዳ ነው፣ ዛሬ ማታ ነው የሚደርሰው። ኦቦ ለሚም ነገ ማለዳ በወጉ ይነገራት ብለዋል።» ኦቦ ለሚ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው የሚኖሩት። «ዛሬ ሥራዋን ትሥራ፣ እህል ትቅመስ፣ እንቅልፍ ትተኛ። አንቺ ስልኳን ብቻ ጠብቂልኝ። ፌስቡክ እንዳታይ። አገር ቤት ያሉትም ስልክ እንዳያነሱ ተነግሯቸዋል።»

«ገመቹ፣ እኔ አልችልም። አፌን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ» አለ። «ግን ካንቺ ሌላ አጠገቧ ማን አለ?»

ስልኩን ዘጋው። መሪው ላይ ተደፍቼ ቀረሁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አላስተምርም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ባለሱቁ ሳይቀር ሰምቶ፣ የሞተበት ሰው ብቻ ምንም ሳያውቅ ሲስቅና ሲበላ ማየት ውሸት ይመስለኛል። የሰው ሐዘን ከሰው መደበቅ።

ስገባ ጫልቱ የቢቶቹን መሳቢያ ከፍታ ቆማለች።

«አንቺ! በሠርጌ ቀን ሚዜዬ ታረፍዳለች እንዴ?»

«መንገድ ተዘጋግቶ ነው።»

«በዚህ ማለዳ?» ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «ምን ሆነሻል? ያ ምላስሽ የት ሄደ?»

«ጥርሴን አሞኛል።»

«እሰይ!» አለች እጇን አጨብጭባ። «እግዚአብሔር ሊፈርድብሽ ሲነሣ ከአፍሽ ጀመረ!» ከዚያ ያ የነገርኳችሁ ሳቅ መጣ። መሳቢያውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪፈስ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴን አሞኛል ያልኩ ሰው ጥርሴን ገልጬ ሳቅሁ።

መለማመጃ የአክሪሊክ ቁራጭ አነጠፍንላት፣ ያንን መስታወት የሚመስለውን። መሳቢያውን አየችና ሁለት ስለት ያለውን ቢት አነሣች።

«ለምን እሱን?» አልኳት።

«ሁለት ስለት ካንድ አይሻልም?»

«ቁረጪና እይው።»

ማሽኑ ገና ከመንቀሳቀሱ ድምፁ ተለወጠ። የሚያንቅ ሽታ ተነሣ። ስታቆመው ቢቱ ላይ ነጭ ነገር ተጠምጥሞ ነበር።

«ውይ፣ ማስቲካ አኘከ!» አለች።

«ሁለት ስለት ሲሆን መሀል ያለው ቦታ ይጠባል። ፍርፋሪው መውጫ ያጣል፣ መውጫ ሲያጣ ይሞቃል፣ ከሞቀ ቀለጠ። አክሪሊክ አንድ ስለትና ሰፊ መውጫ ነው የሚፈልገው። ደግሞ ይኼ ያነሣሽው እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ነው፣ ዶልዱሟል። እንጨት የነካውን ለፕላስቲክ አትመልሺው።»

«እሺ፣ ታዲያ ቀስ አድርጌ ልሂድ?»

«ቀስ ካልሽማ ትፈጂዋለሽ! ቢቱ አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ነው የሚያሞቀው። ፍርፋሪው እንደ ዱቄት ከወጣ ፈርተሻል ማለት ነው። ወፈር ወፈር ብሎ መውጣት አለበት።»

ባለ አንድ ስለቱን አስገባች። ሄደ። ጠርዙ ጠርቶ ወጣ። በጣቷ ዳሰሰችው፣ ዓይኗ ላይ አድርጋ በውስጡ አየችኝ፣ «ቤዚ፣ ስታኮርፊ ፍየል ትመስያለሽ» አለችኝ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጫልቱ በየቀኑ ምሳ ላይ ለእናቷ ትደውላለች፤ እዚህ ቀትር ሲሆን እዚያ መሽቷል፣ እናቷ ራት በልተው አልጋ ላይ ሆነው ይጠብቋታል። ስልኩን ከሎከር እንዳታወጣ «ስቲቭ ዛሬ ስልክ ይዘሽ ካየሽ አይወድልሽም» ብያት ነበር፤ «በብሬኬ ምን አገባው!» ብላ አወጣችው። የምግብ ክፍሉ ጥግ ቁጭ ብለን ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። እንደገና ደወለች። እህቷ ጋ ሞከረች። ያም አይነሣም።

«ሁለቱም?» አለች ለራሷ። «እማ ትናንት ትንፋሽ ሲያጥራት ነበር እኮ።»

ኔትወርክ ነው አልኳት። ሰሞኑን ለሁሉም እንደዚህ ነው፣ እኔም ትናንት አዳማ ስሞክር ነበር አልኳት። ትናንት ለማንም አልደወልኩም። ውሸት ሲጀምሩት ይከብዳል የሚሉ ሰዎች ዋሽተው አያውቁም፤ እንደ ውኃ ነው የሚወርደው። ስልኩን አስቀመጠች። ፊቷ ግን ምግቧ ላይ አልነበረም። ያመጣሁትን ምስር ወደ እሷ ገፋሁ፣ ቆረስኩና አጎረስኳት። ነገ እህል አይወርድላትም፣ ዛሬ ትብላ ብዬ ነው። ደገምኳት። ሦስተኛውን ስጠቀልል እጄን ያዘችው።

«ቤዛ።»

«አቤት።»

«ሰው የሞተበት ሰው አስመሰልሽኝ እኮ!»

አየችኝ፣ አየኋት። በዚያች ቅጽበት ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም። ሳቀች፣ ጉርሻውን ከእጄ ቀምታ ለራሴ አጎረሰችኝ። ዛሬ ሳስበው ልትጠይቀኝ የፈራች ይመስለኛል። እሷ ግን እንደዚያ አልነበረም ትላለች።

ከምሳ በኋላ ስቲቭ መጣ። ስቲቭ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፊቱ ግን ፈገግታ የሚባል አያውቅም። መጀመሪያ ወፍራም አክሪሊክ አስቀመጠላት። ባለ አንድ ስለቱን፣ ፍርፋሪውን ወደ ላይ የሚጥለውን መረጠች። ቀጥሎ ያንን የሽንኩርት መክተፊያ የሚሠራበትን ነጭ ለስላሳ ፕላስቲክ አመጣ። አሁንም አንድ ስለት፣ ግን አዲስና የተሳለ፣ ወፈር ያለ። ፍርፋሪው እንደ ሪባን ተጠቅልሎ ወጣ። በመጨረሻ ስስ አክሪሊክ አነጠፈና እጁን አጣጥፎ ቆመ። ይህን እኔ አላስለማመድኳትም ነበር።

ጫልቱ ወፍራሙን የቆረጠችበትን ቢት አነሣች። መለሰችው። ስሱን ፕላስቲክ ጠርዙን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ተነሣ። በዚያ በራሷ እንግሊዝኛ «ይኼ ቀላል ነው» አለችው፤ «ወደ ላይ የሚጥለው ከጠረጴዛው ይነቅልብኛል። ወደ ታች የሚገፋው ይሻላል። ፍርፋሪው ግን እንዳይታፈን እያየሁት እሄዳለሁ።»

ስቲቭ አንዴ ራሱን ነቀነቀ። ቆርጣ ስትጨርስ ወደ መብራት አንሥቶ አየው። «ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑ ያንቺ ነው» ብሏት ሄደ።

ጫልቱ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ መታች። ዘለለች። አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። «ቅዳሜ! እሁድ! ከእማ ጋር!» አለች። ከዚያ ከኪሷ ስልኳን አወጣች። ምሳ ላይ ወደ ሎከሩ አልመለሰችውም ነበር፣ እኔ ሞኟ አላየሁም።

«ቶሎ፣ ቪዲዮ አንሺኝ። ለእማ ልላክላት፣ ስትነቃ ትየው።»

ያዝኩት። ምን ልበል? ያዝኩትና ቀረጽኳት። ጫልቱ ሻሿን አስተካከለች፣ የቆረጠችውን አክሪሊክ ፊቷ ላይ አደረገችው፣ በውስጡ ወደ ስልኩ ሳቀች። «ሀርሜ! ኢላሊ!» አለች፤ እማ፣ እይ ማለት ነው። ኦሮምኛዬ የአዳማ ነው፣ ሁሉንም ባይሆን ይገባኛል። ይኼ የእኔ ማሽን ነው አለቻቸው። መድኃኒትሽን እንዳትረሺ አለቻቸው። ስትመጪ እዚህ አምጥቼ አሳይሻለሁ፣ ብርዱን አትፍሪ፣ ካፖርት ገዝቼልሻለሁ አለቻቸው።

እጄ ወረደ። ስልኩ ወለሉን መቅረጽ ጀመረ።

«አንሺ እንጂ! ምን ሆንሽ?»

«ጫልቱ፣ አትላኪው።»

«ለምን?»

«የሚያየው የለም።»

ይኸው ነው ያልኩት። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ኦቦ ለሚ ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሲመርጡ ያድራሉ፤ እኔ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ጫልቱ አክሪሊኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እንዳይጫር። ፊቴን አየች። ያየችው በቃት መሰለኝ። ዙሪያዋን ቃኘች። ወዲያ ማዶ ሰዎች ይሠራሉ።

«ማሽኑን አስነሺው» አለችኝ።

«ምን?»

«አስነሺው!»

የተጣለ ቁራጭ አነጠፍኩ፣ ማሽኑን አስነሣሁ፣ ፍርፋሪ የሚስበውን ትልቁን ቫኪዩም ከፈትኩ። ያ ድምፅ ሲነሣ እንኳን ጩኸት መድፍም አይሰማም፣ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሠራው። ጫልቱ ፕላስቲኮቹ በተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ተቀመጠችና አለቀሰች። አፏ ሲከፈት አየዋለሁ፣ ድምፁ ግን የሚደርሰኝ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። ደረቷን መታች። ፀጉሯን ነጨች። ሀርሜ ሀርሜ ስትል በከንፈሯ አነበብኩት። አጠገቧ ተንበርክኬ ያዝኳት። ማሽኑ ጨርሶ ሲቆም እሮጥና እንደገና አስነሣዋለሁ፣ ተመልሼ እይዛታለሁ። የሚቆረጥ ነገር አልቆ ነበር፣ ቢቱ ቀድሞ በቆረጠው መስመር ላይ በባዶ ይሄዳል። ስንት ጊዜ እንዳስነሣሁት አላውቅም።

ሲደክማት ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ማሽኑን አጠፋሁ።

«ገመቹ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«መቼ ሊነግሩኝ ነው?»

«ነገ ማለዳ። ወንድምሽ እየመጣ ነው፣ ማታ ይደርሳል።»

ከዚያ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው። «እንግዲያው አላወቅኩም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አልነገርሽኝም፣ አልሰማሁም። ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፣ እህትህ ሰምታለች ብለው ቢደውሉለት እንዴት ይነዳል? ገመቹስ? የአንድ ቀን አደራ አልቻለም ይሉታል። አንቺንማ...» አልጨረሰችውም። «ዛሬ እገባለሁ፣ ለልጆቼ ራት አበላለሁ፣ እተኛለሁ። ነገ ይነግሩኛል።»

«ጫልቱ፣ አትችይውም።»

«አንቺ ነሽ ያልቻልሽው» አለችኝ።

በማግሥቱ ሰማዩ ሲነጋጋ ሴንት ፖል ቤታቸው አጠገብ ደረስን። መኪናዎቹ ሁሉ እንዳያስነቁባት አንድ መንገድ አልፈው ነው የቆሙት። ሰው ጥግ ላይ ተሰብስቦ፣ ትንፋሹ እየጨሰ፣ በሹክሹክታ ያወራል። ወንድሟ ዓይኑ ቀልቷል። ኦቦ ለሚ ከፊት ሆነው ገባን። ገመቹ በሩን ከፈተ። ጫልቱ በሌሊት ልብሷ ሳሎን መጣች፣ «ምነው? ምነው በዚህ ማለዳ?» አለች። በወጉ ደንግጣ አለችው። ጉትቻዋን አውልቃ፣ ፀጉሯን አስራ እንደነበር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ኦቦ ለሚ አስቀመጧት። ጸለዩ። የሰውን ዕድሜ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ቀስ እያሉ አወሩና ቃሉን ተናገሩ። ወንድሟ ጮኸ። ሴቶቹ ጮኹ። ሊይዟት የተዘጋጁ እጆች ሁሉ ወደ እሷ ተዘረጉ።

ጫልቱ አላለቀሰችም።

ፈልጋው ነበር፣ አየኋት። አፏን ከፈተች፣ አልመጣም። ትናንት ያለቀ ነገር ነው። እጆቹ ሁሉ ይዘዋት፣ ደረቅ ዓይኗን ገልጣ ቁጭ አለች። አብረውን የመጡት አክስቷ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ እርምሽን አውጪ» ሲሏት ጎንበስ ብላ ፊቷን ሸፈነች። ያን ቀን አላለቀሰችም፣ በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ሳህን ሳጥብ ሴቶች ከኋላዬ «አሜሪካ ልብ ያደርቃል፣ ለእናቷ እንኳ እንባ የላትም» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞሬ ልናገር አፌን ስከፍት ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ራሷን ነቀነቀችብኝ። ዘጋሁት።

ያኔ ነው የገባኝ። መርዶ የሚያዘገየው ሰው ውሸታም ሆኖ አይደለም። ቃሉ ሲወድቅ እጆች እንዲኖሩ ነው፣ አብሮ የሚጮህ ሰው እንዲኖር ነው። ለጫልቱ ያን ሁሉ ሰው አስቀርቼ እኔን ብቻ ሰጠኋት። በሌላ በኩል ደግሞ ያንን ቪዲዮ ስትልክ ዝም ብዬ ማየት ነበረብኝ? መልስ ስትጠብቅ ማምሸቷንስ? እናንተ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴን ግን ነግሬያታለሁ፦ የኔ መርዶ የመጣ ዕለት ሳትሰበሰቡ እንዳትነግሩኝ። ያን ሁሉ ዘመን መርዶ ስጠላ የኖርኩት እኔ ነኝ ይህን የምለው።

ጫልቱ ዛሬ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ ናት። ቅዳሜና እሁድ ታርፋለች፤ ምን እንደምትሠራበት አልጠየቅኳትም። ቪዲዮውን አላጠፋችውም፣ አልላከችውምም። አክስቷ እስከ አሁን በሙሉ ዓይናቸው አያዩዋትም። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ በጎን የሚተያዩ ሴቶች አሉ። አንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ «ልጻፈው?» አልኳት። ገመቹ እንኳ አያውቅም ነበር። መነጽሯን አወለቀች፣ ከላይዋ ፍርፋሪውን አራገፈች።

«መጀመሪያ ለገመቹ ልንገረው» አለች። ሳምንት ቆይታ መጣችና «ጻፊው» አለችኝ። «አክስቴ ታንብበው።»

እማማ፣ ስምዎን አልጠራም፣ እርስዎ ያውቁታል። ጫልቱ እናቷን አልቅሳለች። ደረቷን መትታ፣ ፀጉሯን ነጭታ፣ ሀርሜ ሀርሜ እያለች አልቅሳለች። አጠገቧ እኔ ነበርኩ።